መሰላሉ ስር ስንት ሜትር ነው?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም። ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ድምፁ እንዳይረብሻችሁ ኤሲውን አጥፍቼዋለሁ። ዱባይ ላይ ኤሲ አጥፍቶ መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ላብ ሳያሰጥመኝ ልጀምር።

የማወራችሁ ስለ ማልዲቭስ ነው። በተለይ ደሴቱን ስለመረጥንበት መንገድ።

ያቺን ፎቶ ሁላችሁም አይታችኋታል። የእንጨት ድልድይ ውሃው ላይ ተዘርግቶ፣ ግራና ቀኝ ሣር ክዳን ቤቶች ተደርድረው፣ ከእያንዳንዱ በረንዳ መሰላል ወደ ውሃ ሲወርድ። ውሃው ደግሞ ያ ቀለም፤ ሰማያዊ ስትሉት አረንጓዴ የሚሆነው። እኔ ያቺን ፎቶ ስልኬ ላይ ለዓመታት አስቀምጫት ነበር። ባለቤቴ ደግሞ የራሱ ፎቶ ነበረው። ኤሊ ከአንድ ሰው ጎን ስትዋኝ። አሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን ሲደርስ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረግንና "በቃ፣ ይሄ ነው" አልን። አንድ ቦታ የተነሱ መስሎን ነበር። ስህተቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ማልዲቭስ ማለት ወደ 1,200 የሚጠጉ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። በ26 አቶል ተሰባስበው ይገኛሉ። አቶል የሚለው ቃል ራሱ ከእነሱ ቋንቋ፣ ከዲቬሂ የተወሰደ ነው። የኮራል ቀለበት በሉት (ኮራል ባህር ውስጥ የሚያድገው ድንጋይ መሳይ ነገር ነው)፤ መሃሉ ውሃ፣ ጠርዙ ላይ ደሴቶች። የመጀመሪያው ሪዞርት ኩሩምባ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1972 ነው የተከፈተው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በአብዛኛው አንድ ደሴት አንድ ሪዞርት ሆኖ ነው የሄደው። ስለዚህ ሆቴል ስትመርጡ ደሴት እየመረጣችሁ ነው። እራቱ ካልጣማችሁ ወጥታችሁ ጎረቤት ምግብ ቤት አትሄዱም። ጎረቤት ባህር ነው።

እኛ ይሄን ሁሉ አላሰብንም። አልጋው ሰፊ ነው ወይ፣ ወለሉ ላይ ውሃውን የሚያሳይ መስታወት አለው ወይ፣ ቁርስ በዋጋው ውስጥ ነው ወይ። ጥያቄያችን ይሄ ነበር። ሪዞርቱ ገጹ ላይ ስኖርክሊንግ አለ ይላል፤ በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ከስር ያለውን ማየት ማለት ነው። አለ ካለ አለ ነው ብለን ከፈልን።

የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ባለቤቴ ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ማስኩን አድርጎ በመሰላሉ ወረደ። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ ጀርባውን አያለሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ወዲያና ወዲህ አለ። ከዚያ ጭንቅላቱን አወጣ።

"ምን አየህ?"

"አሸዋ።"

"አሸዋ ብቻ?"

"ጥቁር ቋሊማ የመሰለ ነገር ተጋድሟል። የሚንቀሳቀስ አይመስለኝም።"

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏችኋል ይሄ ነው። ከአልጋችን ስር ባህር፣ ከመታጠቢያ ቤታችን ስር ባህር፣ ዓሣው ግን በጀልባ ሃያ አምስት ደቂቃ። ጀልባው ደግሞ በየጊዜው ለየብቻው ይከፈላል። የሪዞርቱን ስም አልጠራም። አልዋሹንማ። ስኖርክሊንግ አለ አሉ፤ አለ። የት እንዳለ እኛ አልጠየቅንም።

ነገሩ የገባኝ እዚያው የሚሠራ የባህር አስጎብኚ ካስረዳኝ በኋላ ነው። እነዚህን ቤቶች ለመሥራት የሚመረጠው ውሃው ጥልቅ ያልሆነ፣ ማዕበል የማይደርስበት፣ ታቹ አሸዋ የሆነ ቦታ ነው። ላጉን የሚሉት። ምሰሶ ለመትከልም ይቀላል፣ ያ ፎቶ ላይ የምናብድለት ቀለምም የሚመጣው ከነጩ አሸዋ ነው። ኮራል ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። የሚይዘው ጠንካራ መሬት፣ ምግብ ይዞ የሚመጣ የሚንቀሳቀስ ውሃ። ዓሣው ደግሞ ኮራሉ ካለበት አይርቅም። ስለዚህ ፎቶው ባማረ ቁጥር ከስሩ ዓሣ የመገኘቱ ዕድል ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የእኔ ፎቶና የባለቤቴ ፎቶ ሁለት የተለያዩ የባህር ወለሎች ነበሩ።

የሚገርመው፣ ውሃ ላይ ቤት የመሥራት ሐሳብ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1967 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ውስጥ፣ ራያቴያ የምትባል ደሴት ላይ ነው የተጀመረው። ሦስት አሜሪካውያን ሆቴል ነበራቸው፤ ሆቴሉ ግን ደህና አሸዋማ ዳርቻ የለውም። ዳርቻ ከሌለን እንግዳውን ራሱ ውሃው ላይ እናስተኛው አሉ። በችግር የተፈጠረ ቤት ነው እንግዲህ። አሁን ስንት እንደሚጠየቅበት ታውቃላችሁ።

እሺ፣ ታዲያ እንዴት ይመረጣል? ከተቃጠልኩ በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሪዞርቱን ፎቶ ዝጉት። ካርታ ክፈቱና ደሴቲቱን በሳተላይት እይዋት። ፈካ ያለው ቀለም አሸዋ ነው። ቡናማ ቡናማ የሚለው ብዙውን ጊዜ ኮራል ነው። ከዚያ ቀለሙ ድንገት ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚቀየርበት መስመር አለ። እዚያ ላይ ሪፉ፣ ማለትም የኮራሉ ክምር፣ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል፤ ዓሣውም ኤሊውም የሚበዛው በዚያ ጠርዝ ነው። ያ መስመር ከዳርቻው ሃምሳ ሜትር ላይ ከሆነ በእግራችሁ ገብታችሁ ትደርሳላችሁ። ፈካ ያለው ቀለም ግማሽ ኪሎ ሜትር ከሄደ ግን ለሠርግ ፎቶ የሚሆን ደሴት ነው። ሪዞርቶቹ ይሄን ቅርብ ሪፍ "ሃውስ ሪፍ" ይሉታል። ስትጠይቁ "ሃውስ ሪፍ አላችሁ ወይ" ብላችሁ አትተዉት። "ከዳርቻው ስንት ሜትር ይርቃል፣ ያለ ጀልባ ይገባል ወይ" በሉ። የሚሸሽ መልስ ከመጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ድልድዩ እስከ ጠርዙ የሚዘልቅባቸው ደሴቶችም አሉ። እዚያ የጫፎቹ ቤቶች ሁለቱንም ይሰጧችኋል። ግን ጠርዝ ላይ የሚጎትት የውሃ ፍሰት አለ። የማይዋኝ ሰው ከመሰላሉ ወርዶ የሚንቦጫረቅበት ቦታ አይደለም።

ሌላው፣ ሪፍ ሁሉ በሕይወት ያለ እንዳይመስላችሁ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ባህሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። በፈረንጆቹ 1998 ማልዲቭስ ላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ ያለው ኮራል አብዛኛው አልቋል። ማገገም ሲጀምር በፈረንጆቹ 2016 ላይ ደግሞ ተመታ። ስለዚህ የሪዞርቱን ማስታወቂያ ትታችሁ ሰዎች በቅርብ ወራት ውሃ ውስጥ ያነሱትን ቪዲዮ ፈልጉ። ግራጫ ፍርስራሽ ከሆነ ያስታውቃል።

ወቅቱን ቶሎ ልለፈው። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ደረቅና ረጋ ያለ ነው፤ ውድም ነው። ከግንቦት ጀምሮ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፤ ዝናብም ማዕበልም አለ፣ ዋጋው ግን ይወርዳል። በዚሁ በዝናቡ ወቅት ባ አቶል ውስጥ ሃኒፋሩ የሚባል ቦታ ላይ ማንታ ሬይ ይሰበሰባል። ክንፉን ዘርግቶ የሚበር የሚመስለው ግዙፍ ዓሣ። እዚያ በአየር ጠርሙስ መጥለቅ ክልክል ነው፤ በስኖርክል ብቻ ነው። እኛ በጥር ስለሄድን አላየንም።

ገንዘቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ዋጋው አጠገብ "ፕላስ ፕላስ" ምልክት ካያችሁ ቆም በሉ። 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በላዩ ላይ 17 በመቶ የቱሪዝም ግብር ማለት ነው። 100 ዶላር የተባለው ሒሳብ 129 ገደማ ሆኖ ይመጣል። ሪዞርት ውስጥ ደግሞ ግሪን ታክስ የሚሉት አለ፤ በሰው በሌሊት 12 ዶላር። ለሁለት ሰው አምስት ሌሊት 120 ዶላር። ደሴቱ ራቅ ካለ ውሃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው የሚኬደው፤ እሱም ርካሽ አይደለም። ያ አውሮፕላን በቀን ብርሃን ብቻ ነው የሚበረው። ዋና ከተማዋ ማሌ አመሻሽ ላይ ከደረሳችሁ እዚያው ማደራችሁ ነው።

ቪዛ ላይ ግን ደስ የሚል ነገር አለ። ለሁሉም ፓስፖርት ማለት ይቻላል ሲደርሱ በነጻ 30 ቀን ይሰጣሉ። የእኛንም ጨምሮ። የሆቴል ማረጋገጫና የመመለሻ ቲኬት ይጠይቃሉ፣ ከመጓዛችሁ በፊት ኦንላይን የሚሞላ ቅጽ አለ፣ በቃ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ያለ ኤምባሲ ሰልፍ መግባት… እኔ እንደውም ማኅተሙን ፎቶ አንስቼዋለሁ። ከአዲስ የምትነሱ ብቻ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን እንዳትረሱ።

"ለምን ዛንዚባር አልሄዳችሁም?" ያለችኝ ጓደኛ አለች። ከአዲስ ቀጥታ በረራ አለ፣ ይቀርባል፣ ልክ ናት። ግን የዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ባህሩ ሲሸሽ ብዙ መቶ ሜትር ነው የሚሸሸው። ሴቶቹ ወርደው የባህር አረም ያርሱበታል። እዚያ ላይ ውሃ ላይ ቤት ብትሠሩ በቀን ሁለቴ ጭቃ ላይ ትቀራላችሁ። ዳርቻው ቆንጆ ነው፤ ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ዋና አልችልም።

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ላንጋኖ ሄጃለሁ፣ ሶደሬ ሄጃለሁ፣ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ፎቶ ተነስቻለሁ። እኛ ቤት ውሃ የሚፈራ ነገር ነው። እማዬ ልጅ ሆና ክረምት ላይ ወንዝ የወሰደው የጎረቤት ልጅ ነበር፤ እሱን ሳታነሳ ስለ ውሃ አውርታ አታውቅም። ልንሄድ ስንል ደወልኩላት።

"ውሃ ላይ ነው የምትተኙት?"

"ቤት ነው እማዬ። አልጋ አለው።"

"ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" አለችና ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።

ያ ባለቤቴን ያናደደው አሸዋ፣ ለእኔ ሌላ ነገር ሆነ። ሦስተኛው ቀን ላይ እሱ በጀልባው ሄደ። እኔ ብቻዬን በረንዳው ላይ ቀረሁ። ውሃው ጥርት ብሎ እስከ ታች ይታያል። ላይፍ ጃኬቴን አሰርኩ፣ ማስኩን አደረግሁ፣ በመሰላሉ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠርኩ ወረድኩ። ስድስት ደረጃ ነው። ስጨርስ እግሬ አሸዋ ነካ። ውሃው ደረቴ ላይ ነው።

መሰላሉን በአንድ እጄ ይዤ ፊቴን ነከርኩ። ወዲያው አወጣሁት። ሰውነት አያምንማ! አፍንጫህ ውሃ ውስጥ ሆኖ ተንፍስ ሲባል ሁሉም ነገር እምቢ ይላል። እንደገና። እንደገና። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁት። እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ ነው። ቀስ፣ ረዘም። ከዚያ እግሬ ሳላዝዘው ከአሸዋው ተነሳ። ጨዋማ ውሃ ይሸከማል፤ ሰው ሲነግረኝ አላመንኩም ነበር።

ምን አየሁ? የባለቤቴን ቋሊማ አየሁ። ለካ እንስሳ ነው፤ ይንቀሳቀሳል። አሸዋ እየበላ፣ እያጣራ፣ ንጹሑን ከኋላው ይተዋል። የእጄን ክንድ የምታክል የሻርክ ግልገል ከምሰሶው ስር ወጣች። የክንፏ ጫፍ ጥቁር ነው። እኔን አይታ እሷ ሸሸች። ማን ያምነኛል?

በቀረን ቀናት ጠዋት ጠዋት ወረድኩ። በመጨረሻው ቀን ከእነባለቤቴ ጋር በጀልባው ሄድኩ። አስጎብኚው ቀለበት የመሰለ ተንሳፋፊ አስያዘኝና እሱ ይጎትተኛል። ኮራሉ ላይ ስንደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ያለ ይመስላል። ፓሮትፊሽ ነው አለኝ በኋላ። አረንጓዴና ሮዝ ዓሣ፣ አፉ እንደ በቀቀን። የኮራሉን ድንጋይ ይፍቃል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ በሌላው በኩል አሸዋ ሆኖ ይወጣል። ያ ነጭ አሸዋ፣ ያ ስድስት ደረጃ ወርጄ የቆምኩበት፣ ብዙው የዚህ ዓሣ… እሺ፣ ቡና እየጠጣችሁ ይሆናል፤ ልተወው።

ኤሊዋን ያየኋት እኔ ነኝ። ባለቤቴ በሌላ አቅጣጫ ነበር። እስካሁን ይቅር አላለኝም።

ዘንድሮ እንደገና እያሰብን ነው። እሱ ማታ ማታ ሳተላይቱን ከፍቶ ሰማያዊውን መስመር በጣቱ ይለካል። "ይቺ አርባ ሜትር ናት፣ ይቺ ሠላሳ" ይላል። እኔ ለእያንዳንዱ ሪዞርት አንድ ዓይነት ኢሜይል ልኬያለሁ። መሰላሉ ስር ጥልቀቱ ስንት ነው? ስንት ደረጃስ አለው?

ሁለቱ መልሰዋል። አንደኛው "አራት ሜትር፣ እጅግ ማራኪ እይታ" አለኝ። ሁለተኛው "አንድ ሜትር ከሃያ፣ ሰባት ደረጃ" ብቻ አለ። ለሁለተኛው ስለ ሪፉ ርቀት ጽፌለታለሁ፤ መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

በሉ ኤሲውን ላብራው። ቻው።