የተከለከለው ዕውቀት ነበር?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እና 3 ላይ ነን፤ መጽሐፉ በእጃችሁ ካለ ክፈቱት።

«እግዚአብሔር ሰው እንዳያውቅ ከለከለው» የሚሉ ብዙ ናቸው። እዚህ የሚደርሱት 2፥16ን ዘለው 17 ላይ ስለሚያርፉ ነው። ትእዛዙ በፈቃድ ነው የሚጀምረው፤ ከገነት ዛፍ ሁሉ ብላ ይላል። መልካምንና ክፉን የምታሳውቀው የአንዷ ዛፍ ክልከላ ቀጥሎ የመጣ ነው። አሁን 3፥1ን ከጎኑ አድርጋችሁ አንብቡ። እባቡ «ከሁሉ ብላ» የተባለውን «ከሁሉ አትብሉ ተባላችሁ ወይ?» አድርጎ ገለበጠው። ሴቲቱ (ሔዋን የተባለችው በኋላ፣ 3፥20 ላይ ነው) አረመችው፤ ግን እሷም «አትንኩትም» የሚል ጨመረች። 2፥17 ላይ መንካት የሚባል ነገር የለም። ፍሬው ገና ሳይቆረጥ ትእዛዙ ሁለቴ ተለወጠ ማለት ነው።

ደግሞ 2፥19ን እዩ። እግዚአብሔር እንስሳቱን ወደ አዳም አመጣቸው፤ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ሊያይ። ያወጣው ስም ሁሉ ጸደቀለት። ዕውቀትም ነፃነትም ከፍሬው በፊት ነበሩ። ሰሎሞን መልካሙንና ክፉውን የሚለይ ልቦና ሲለምንም (1ኛ ነገሥት 3፥9) እግዚአብሔር ደስ አለው እንጂ አልተቆጣም።

ታዲያ ዛፉ ምንድን ነው? አንድም፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአንጾኪያው ጳጳስ ቴዎፍሎስ እንዳለው፣ ፍሬው መልካም ነው፤ አዳም ግን ገና ሕፃን ስለነበር ጊዜው አልደረሰም። አንድም፣ መልካምና ክፉ ምን እንደሆነ ራስ የመወሰን ሥልጣን ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ የእባቡ ማባበያ «እንደ እግዚአብሔር ትሆናላችሁ» የሚል ነውና።

ፍሬውን ብዙዎች ፖም ይሉታል፤ ፖም የሚባል ነገር ግን እዚህ የለም፤ አትፈልጉት። እባቡን ሰይጣን የሚለውም ዘፍጥረት ሳይሆን ራእይ 12፥9 ነው።

አዳም «በበላህ ቀን ትሞታለህ» ተብሎ 930 ዓመት መኖሩስ? መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 4 ይመልሳል፦ 1000 ዓመት እንደ አንድ ቀን ነው፤ አዳም 70 ጎድሎት በዚያው «ቀን» ሞተ። «ቀን» የሚለውን ቃል እንደ ተጻፈ ብቻ የሚወስድ አንባቢ እዚህ መቸገሩ አይቀርም።

ለእኔ ከባዱ 3፥22 ነው። ሰው መልካምንና ክፉን በማወቅ እንደ እኛ ሆነ የሚለው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ እባቡ ሁሉን አልዋሸም። የተዘጋው ወደ ሌላዋ ዛፍ፣ ወደ ሕይወት ዛፍ፣ የሚወስደው መንገድ ነው። ያወቁትን ይዘው ወጡ፤ ከገነት ውጭ የተወለደው ቃየንም 4፥7 ላይ ስለ ኃጢአት «አንተ ግን ንገሥበት» ተባለ።