ቤቱ ጭጭ ሲል ጋደም ማለት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ብዙ ሰው ስለሚደብቃት አንዲት ደስታ ነው። ሁሉም ወጥቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ቤቱ ጭጭ ሲል በጠራራ ፀሐይ ጋደም ማለት። ያኔ ስልክ ከጮኸ ጉሮሮ ይጠረግና «ኧረ አልተኛሁም!» ይባላል። ምን ያሳፍራል?

እኔ እንደሚመስለኝ ጸጸቱን የሚያመጣው መተኛቱ ሳይሆን ልክ ማጣቱ ነው። «ትንሽ ልረፍ» ብሎ የተጋደመ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲነሳ ራሱ ይከብደዋል፣ ድንዝዝ ይላል። 30 ደቂቃ ካለፈ ብዙ ጊዜ ከባዱ እንቅልፍ ይጀምራል፤ ከዚያ መሃል የተቀሰቀሰ አንጎል ቶሎ አይነቃም። ስለዚህ አላርሙን ለ25 ደቂቃ ሙሉት፤ 5 ደቂቃ እንቅልፍ እስኪወስዳችሁ፣ 20 ደቂቃ ለእንቅልፉ። ስልኩ ትራስ ስር ሳይሆን ተነስታችሁ የምትደርሱበት ቦታ ይሁን። እጅ አጠገብ ያለ አላርም ይጠፋና «5 ደቂቃ ብቻ» ይመጣል። ናሳ በረጅም በረራ ላይ ላሉ አብራሪዎች 40 ደቂቃ የዕረፍት ጊዜ ሰጥቶ ሲያጠና፣ በአማካይ የተኙት 26 ደቂቃ ነበር፤ ንቃታቸው ግን በግልጽ ተሻሽሏል።

ሰዓቱ ከቀኑ 7 እስከ 9 ቢሆን ይመረጣል፤ በዚያ ሰዓት ሰውነት ምሳ ባይበላም በራሱ ይዝላል። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን የምትቀንሱት ከሌሊቱ እንቅልፍ ነው። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው የቀኑን ቢተወው ይሻለዋል።

አልጋ ውስጥ አትግቡ፣ ሶፋ ይበቃል። መጋረጃውን ዝጉ፤ እግራችሁ ላይ የሆነ ነገር ጣል አድርጉ፣ እግር ከቀዘቀዘ እንቅልፍ ቶሎ አይመጣም።

ቡና ለሚወድ አንድ ዘዴ አለ፦ አንድ ስኒ ጠጥቶ ወዲያው ጋደም ማለት። ካፌይን እስኪሠራ 20፣ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ ቡናውና አላርሙ አብረው ይደርሳሉ። ፉት እያሉ ግማሽ ሰዓት ከቆዩበት ግን ስሌቱ ፈረሰ።

እንቅልፉ ካልመጣስ? አትታገሉት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቤቱን አዳምጡት። ፍሪጁ ሲያጉረመርም ቆይቶ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ለካ ዝምታ የመሰላችሁ ነገር ገና ዝምታ አልነበረም። እኔ ከእንቅልፉም የምወደው ይሄንን ነው።