ሪያቼ፦ ባሕሩን ከሩቅ የምታይ መንደር

[ምስል፦ ከኮረብታ አናት። ከታች የወይራ ዛፎች፣ ራቅ ብሎ ባሕር። የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው።]

ይህ የምታዩት ባሕር አዮኒያን ይባላል፤ የሜዲትራኒያን አንዱ ክፍል ነው። የጣሊያን ካርታ ጫማ ይመስላል ይባል የለ? አሁን ያለነው ከጫማው አፍንጫ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በሶሉ በኩል ነው። ክልሉ ካላብሪያ፣ መንደሯ ሪያቼ ትባላለች። ከባሕሩ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከፍታዋ 300 ሜትር አካባቢ ነው።

እስቲ ከዚች ቁጥር እንነሳ፤ 7 ኪሎ ሜትር። እዚያ ታች ዓሣ አለ፣ አሸዋ አለ፣ ሜዳ መሬት አለ። ታዲያ እነዚህን ሰዎች ምን ኮረብታ ላይ አወጣቸው?

ንዳድና ወንበዴ ናቸው። ሜዳው የወባ አገር ነበር። ቆላ ወርዶ በንዳድ የተመታ ዘመድ ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ከዚያ ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት ከሰሜን አፍሪካና ከኦቶማን ግዛት የሚነሱ መርከቦች ዳርቻውን እየዘረፉ ሰው ማርከው ለባርነት ይወስዱ ነበር። ስለዚህ የካላብሪያ ሰው ባሕሩን ማየት ይፈልጋል፣ ባሕሩ እንዲያየው ግን አይፈልግም። ቤቱን እላይ ይሠራል፣ መንገዱን ያጠባል፣ መንደሩን በቅጥር ያጥራል፣ በር ያበጅለታል።

ወደ ታች መውረድ የተጀመረው ባቡር ሲመጣ ነው። ከታራንቶ እስከ ሬጆ ካላብሪያ የሚሄደው የዳርቻው ሐዲድ በ1875 ተጠናቀቀ (በዚህ ቪዲዮ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ወባው ሲጠፋ ደግሞ ሰዉ እየጎረፈ ወረደ። ዛሬ ሪያቼ ሁለት ናት፤ እላይ አሮጌዋ መንደር፣ እታች ማሪና የሚሏት የባሕር ዳር ሰፈር። የሁለቱ ሕዝብ ቢደመር 2,000 ገደማ ነው።

[ምስል፦ ባዶ አደባባይ። የተዘጉ የእንጨት መስኮቶች። አንድ ድመት።]

አሮጌዋ መንደር በእኛ ሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ብትደርሱ ሰው የተሰደደባት ትመስላችኋለች። አትደናገጡ፣ ምሳ በልተው ተኝተዋል። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ተኩል፣ አሥራ አንድ ድረስ ሱቅ አይከፈትም፤ በበጋ ፀሐይ ያን ሰዓት ውጭ የሚዞር እንግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ ጠዋት ድረሱ፣ ወይ ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ።

ሰዉ መውጣት ሲጀምር ሰላምታ ግድ ነው። በደቡብ ጣሊያን ትልልቅ ሰዎችን አሁንም «ቮይ» ብሎ ማነጋገር አልቀረም፤ ልክ እንደ እኛ «እርስዎ»። የሮም ወጣት ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ እዚህ ግን ያስከብራል። ከምሳ በኋላ ደግሞ «ቦን ጆርኖ» የሚል የለም፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና «ቦና ሴራ» ነው።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። በካላብሪያ ገጠር ሽማግሌ ወጣት ሲያገኝ ስሙን አይደለም መጀመሪያ የሚጠይቀው። «አ ኩ አፓርቴኒ?» ይለዋል። ቃል በቃል «የማን ነህ?» ማለት ነው። እኛ «የማን ልጅ ነህ?» እንደምንለው። ይህን ጥያቄ በሌላ አገር ቋንቋ ስትሰሙት አጎታችሁ ከኋላችሁ የቆመ ነው የሚመስላችሁ።

ቋንቋው ላይ ሳለን፣ እዚህ አማርኛ ተናጋሪ ሙሉ በሙሉ ዲዳ አይሆንም። ፒያሳ፣ ፎርኖ፣ ማኪያቶ፣ ጎሚስታ፣ ቻው። ቃላቱ ወደ እኛ የመጡበት መንገድ ሁሉ ደስ የሚል እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ከፊሉ በንግድና በሙያ፣ ከፊሉ በወረራ ነው። ማኪያቶ ብላችሁ ስታዝዙ ግን አንድ ጉንጭ የምትሞላ ትንሽ ስኒ ነው የምትመጣው፤ የአዲስ አበባውን ወተታም ማኪያቶ የጠበቀ ያዝናል።

[ምስል፦ ሰፊ፣ ነጭ ድንጋይ የሞላበት የወንዝ አልጋ። ውኃ የለም።]

ከማሪና ወደ መንደሯ በሚወስደው አገር እንዲህ ያሉ ነገሮች ታያላችሁ። መንገድ አይደለም፣ ወንዝ ነው። ፊዩማራ ይሉታል። በበጋ ድንጋይ ብቻ ነው፣ በክረምት ከተራራው ሲወርድ ድልድይ ይዞ ይሄዳል። የድሬዳዋ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ደቻቱ ነው። በጥቅምት 1951 የወረደው ጎርፍ በካላብሪያ ተራሮች ላይ ያሉ መንደሮችን አፍርሶ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። አፍሪኮ የምትባል መንደር ነዋሪዎቿን እስከ ወዲያኛው አጥታ፣ ስሟን ብቻ ይዘው ባሕር ዳር አዲስ አፍሪኮ ተሠራላቸው።

ሪያቼን ግን ባዶ ያደረጋት ጎርፍ አይደለም። ሥራ ማጣት ነው። በቀድሞው ጊዜ በዚህ ዳርቻ ሴቶች ሳይነጋ ወጥተው ለሽቶ የሚሆን የጃስሚን አበባ ይለቅሙ ነበር፤ ዳርቻው እስካሁን «የጃስሚን ዳርቻ» ይባላል። ወንዶቹ ወይራና ፍየል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የቱሪን ፋብሪካ፣ ጀርመን፣ አርጀንቲና፣ ካናዳ ጠሩ። ቤቶቹ ተቆለፉ፤ ቁልፉን ጎረቤት ያዘው፣ ወይም ውቅያኖስ ተሻገረ።

[ምስል፦ ሁለት የነሐስ ሐውልቶች፣ በነጭ አዳራሽ ውስጥ።]

ከዚያ ባሕሩ አንድ ነገር ሰጠ። ነሐሴ አጋማሽ፣ በትክክል ኦገስት 16 ቀን 1972፣ ስቴፋኖ ማሪዮቲኒ የሚባል ለመዝናናት የመጣ የሮም ሰው ማሪና አጠገብ 8 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሲዋኝ ከአሸዋው ክንድ ወጥቶ አየ። አስከሬን መሰለው። ሲነካው ነሐስ ነው። ከጎኑ ደግሞ ሌላ።

የሪያቼ ነሐሶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ የግሪክ ጦረኞች፣ ሁለት ሜትር ለመሙላት ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር የቀራቸው። ከንፈራቸው መዳብ ነው። ያንደኛው ጥርስ ብር ነው፤ ከንፈሩ ትንሽ ገለጥ ስላለ ይታያል። ለ2,000 ዓመታት ጨው ውስጥ ተኝቶ ጥርሱን ያሳያል!

ሪያቼ ድረስ መጥታችሁ ግን አታገኟቸውም። ያሉት ሬጆ ካላብሪያ፣ በብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው። ጎብኚ በቡድን በቡድን እየሆነ አየር በሚያጣራ ክፍል ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚገባው። መንደሯ የቀራት ስሙ ነው። በኔ እምነት መጀመሪያ ሬጆ ሄዶ እነሱን አይቶ፣ ከዚያ በባቡር ዳርቻውን ይዞ ወደ ሪያቼ መምጣት ይሻላል፤ ባሕሩን ስታዩት በሌላ ዓይን ነው።

[ምስል፦ የቆየ የእንጨት ጀልባ። ከዚያ ባለቀለም ደረጃዎች ያሉት ትንሽ አምፊቴያትር።]

በጁላይ 1998 ባሕሩ ሰዎች አመጣ። 200 ገደማ ኩርዶች የጫነ ጀልባ እዚሁ ዳርቻ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ዶሜኒኮ ሉካኖ የሚባል መምህር ነበር፤ ሰዎቹን ሲያይ ትዝ ያለው እላይ ያሉት የተቆለፉ ቤቶች ናቸው። በዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር «የወደፊቷ ከተማ» የሚል ማኅበር አቋቋመ። ወደ ውጭ የሄዱ ባለቤቶች ተጠየቁ፣ ቤቶች ተከፈቱ፣ ጣሪያ ተጠገነ። ሰውየው በ2004 ከንቲባ ሆነ። ከኩርዶቹ በኋላ አፍጋኖች፣ ሶማሌዎች፣ ናይጄሪያውያን መጡ፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩበት። በመንደሯ የመስታወት፣ የሸክላና የሽመና ሥራ ቤቶች ተከፈቱ፤ አንድ የአገሬው ሰውና አንድ እንግዳ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ተማሪ አጥቶ ሊዘጋ የነበረ ትምህርት ቤት ልጆች አገኘ። በጠባቡ ደረጃ መኪና ስለማይገባ ቆሻሻ የሚሰበሰበው በአህያ ነበር።

የገንዘቡ አሠራር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብልሃቱ ያለው እሱ ላይ ነውና። መንግሥት ለስደተኞች ማረፊያና ምግብ በጀት ይመድባል፣ ገንዘቡ ግን ወራት ዘግይቶ ይደርሳል። በዚያ መሀል ሰው ምን ይብላ? መንደሯ የራሷን ኩፖን አተመች። የጋንዲ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ፣ የቼ ጉቬራ ፎቶ ያለበት፣ ገንዘብ የሚመስል ወረቀት። እናት ኩፖኑን ይዛ ሱቅ ትሄዳለች፣ ዳቦና ወተት ትገዛለች፤ ባለሱቁ ኩፖኑን መሳቢያ ውስጥ ያጠራቅማል። በጀቱ ሲለቀቅ በዩሮ ይቀይሩለታል። ምኑ አዲስ ነው ትሉ ይሆናል፤ የሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ነው። ልዩነቱ፣ በዱቤ ደብተር ላይ የሚጻፈው የተበዳሪው ስም ነው፣ እዚህ ግን ዕዳው የመንደሩ ነው፤ ሴትዮዋ ቀና ብላ ገዝታ ትወጣለች። ባለሱቁም በዚያ ሰበብ ደንበኛ አገኘ። ከዓመታት በፊት ደንበኞቹ ለቱሪን ባቡር ቲኬት የቆረጡበት ሰው ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ደስ ባለኝ። በኦክቶበር 2018 ሉካኖ ሕገወጥ ስደትን በማገዝና በገንዘብ አያያዝ ተጠርጥሮ ታሰረ። በ2021 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት 13 ዓመት ከ2 ወር ፈረደበት። በ2023 ይግባኝ ሰሚው አብዛኛውን ክስ ውድቅ አድርጎ ቅጣቱን ወደ 1 ዓመት ከ6 ወር፣ እሱንም በገደብ አወረደው። በ2024 ሕዝቡ መልሶ ከንቲባ፣ ደግሞም የአውሮፓ ፓርላማ አባል አድርጎ መረጠው። በዚህ መሀል ግን ፕሮጀክቱ ቆሞ ብዙዎቹ ስደተኞች ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል፤ ሥራ ቤቶቹም ተዘጉ። ሽልማትና ጋዜጣ ያየችውን መንደር ጠብቆ የሚመጣ ሰው ዛሬ የሚያየው ጸጥ ያለውን ነው። ግድግዳ ላይ ሥዕሎቹ አሉ፤ ከሥዕሉ ሥር ያለው በር ተቆልፏል።

[ምስል፦ የመንደር መግቢያ። የመንገድ ዳር ጽሑፍ።]

መግቢያው ላይ «ሪያቼ፣ የእንግዳ ተቀባዮች መንደር» የሚል ጽሑፍ ነበር። በ2019 ሌላ አስተዳደር ሲመጣ ተነሳና «የቅዱሳን ሐኪሞችና ሰማዕታት ኮዚሞና ዳሚያኖ መንደር» የሚል ተተካ።

ኮዚሞና ዳሚያኖ እነማን ናቸው? ስንክሳር የሚያነብ ያውቃቸዋል፤ ቆዝሞስና ድምያኖስ ናቸው፣ ኅዳር 22 የሚታሰቡት። ከአረብ አገር የተወለዱ፣ በሽተኛ ሲያክሙ ገንዘብ የማይቀበሉ ወንድማማቾች። እንግዲህ የእንግዶቹን ጽሑፍ አንስተው የተኩት በሁለት እንግዶች ስም ነው። ይህን ለቀለም ቀቢው የነገረው ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

[ምስል፦ ሌሊት። አታሞ፣ አኮርዲዮን፣ የሚጨፍር ሕዝብ።]

መምጣት ከቻላችሁ በበዓላቸው ኑ። ከሴፕቴምበር 25 እስከ 27 ነው። ቁጠሩት፤ መስከረም 15፣ 16፣ 17። እኛ ደመራ በምንለኩስበት ማታ እነሱ የቅዱሳኑን ምስል ተሸክመው ይዞራሉ። ከመላው ካላብሪያ የሮማ ማኅበረሰብ አባላት (ሰዉ ጂፕሲ የሚላቸው) ለስለት ይመጣሉ፤ ከምስሉ ፊት ታራንቴላ ይጨፍራሉ። ዓመቱን ሙሉ ብዙ ቦታ ፊት የሚነሳው ሕዝብ በዚያ ቀን ባለበዓል ነው።

ኦገስት ደግሞ ሌላ ነው። የጉራጌ አገር ለመስቀል እንዴት እንደሚሞላ አስቡ። ከቱሪንና ከጀርመን ልጆቹ ይመለሳሉ፣ የተቆለፈው ሁሉ ይከፈታል፣ ማረፊያ አይገኝም። ጸጥታ ለሚፈልግ ኖቬምበር ይሻላል። ያኔ ከወይራው ሥር መረብ ተነጥፎ ፍሬው ይረግፋል። የተለቀመ ወይራ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ መጭመቂያ ቤቱ ማታም ይሠራል። ለአንድ ሊትር ዘይት ከ5 እስከ 7 ኪሎ ፍሬ ይሄዳል። ትኩስ ዘይት በተጠበሰ ዳቦ ላይ አፍስሰው ሲሰጧችሁ ጉሮሮ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ያስሳል እንኳ። ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፣ የጥሩ ትኩስ ዘይት ምልክቱ እሱ ነው።

ስለ ቃሪያቸው ደግሞ፦ ካላብሪያ በጣሊያን በሙሉ በሚያቃጥል ምግብ የታወቀች ናት፤ በየበረንዳው ቀይ በርበሬ በክር ተሰክቶ ይደርቃል። አስተናጋጇ «ያቃጥላል» ብላ ታስጠነቅቃችሁ ይሆናል። ሚጥሚጣ ያሳደገው ሰው ፈገግ ብሎ ይቀጥል።

[ምስል፦ ትንሽ የባቡር ጣቢያ፣ አንድ ሐዲድ፣ ከጀርባ ባሕር።]

አመጣጥ፦ በአውሮፕላን ላሜዝያ ወይም ሬጆ። ከሬጆ የዳርቻው ባቡር ማሪና ያደርሳል፤ ሐዲዱ ነጠላ ስለሆነ ቀርፋፋ ነው፣ መስኮቱ ግን ሙሉ ባሕር ነው። ከጣቢያው እስከ መንደሯ ያለው ዳገት ነው። አውቶቡስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚኖር መኪና የተከራየ ይቀለዋል። ሽማግሌዎቹን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ቡና፣ ፎቶው ራሱ ይመጣል።

ለመመለስ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሁለት ወረቀት ታገኛላችሁ። ቢጫው መነሻ ነው፣ ነጩ መድረሻ። ብዙ እንግዳ ነጩን አንብቦ ባቡሩን ያመልጠዋል።