አጥንት ደረቅ እንጨት አይደለም

(በስክሪኑ ላይ፦ የሁለት ክንዶች ኤክስሬይ፣ ጎን ለጎን)

እነዚህን ሁለት ክንዶች እዩዋቸው። የአንድ ሰው ናቸው። የቀኙ አጥንት ግን ከግራው ይወፍራል። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ ቴኒስ ይጫወታል፤ ራኬቱን የሚይዘው በቀኙ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

አፅም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ክፍል ጥግ ላይ የሚቆመው የፕላስቲክ ሞዴል ነው። ያሳሳተን እሱ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ያለው አጥንት ደም ይዘዋወርበታል፣ ያድጋል፣ ሲሰበርም ራሱን ይጠግናል።

ቁጥሩን ቶሎ ብለን እንለፈው። አዋቂ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። 52ቱ፣ ማለትም ሩብ ያህሉ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ድረስ በሁለቱ እግሮቻችን ተደርድረዋል። ሯጭ መሬት በረገጠ ቁጥር ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ኃይል መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው።

(ስዕል፦ ኳስ የሚመታ እግር)

ጡንቻ መጎተት እንጂ መግፋት አያውቅም። የሚጎትተው አጥንት ከሌለ የትም አያደርሰንም። ኳስ ስንመታ የጭን ጡንቻ በጅማት አድርጎ የቅልጥምን አጥንት ይስባል፤ ጉልበት ይዘረጋል፣ እግር ይወነጨፋል። ለጡንቻው ኦክስጅን የሚያደርሱት ቀይ የደም ሴሎች ራሳቸው የሚሠሩት አጥንት ውስጥ፣ መቅኔ ላይ ነው።

ወደ ቴኒስ ተጫዋቹ እንመለስ። አጥንት ውስጥ አፍራሽና ግንበኛ ሴሎች አሉ። አፍራሾቹ ያረጀውን ያነሳሉ፣ ግንበኞቹ አዲስ ይተካሉ። ጫና ያለበት ቦታ ግንበኞቹ ይበረታሉ። አጥንት እንደ ጫናው ራሱን እንደሚቀርፅ ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 ባሳተመው ሥራ አስረድቷል። ጫናው ሲጠፋስ? ጠፈርተኞች ክብደት በሌለበት ሲቆዩ ከዳሌ አጥንታቸው በወር 1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ጥግግት ያጣሉ።

ዋናተኞችና ብስክሌተኞች ይህን ቢሰሙ ጥሩ ነው። ልባቸውና ሳንባቸው የሚያስቀና ነው። አጥንታቸው ግን ብዙም አይፈተንም፤ አንዱን ውሃው፣ ሌላውን ኮርቻው ይሸከመዋል። ዝላይና ክብደት ማንሳት ቢጨምሩበት አይከፋም።

(ስዕል፦ ቅልጥም ላይ ቀጭን ስንጥቅ)

ጫና ጥሩ ነው ተብሎ ግን ዘሎ መግባት የለም። አፍራሾቹ ሥራቸውን በሳምንታት ይጨርሳሉ፤ ግንበኞቹ ወራት ይፈልጋሉ። በመሀል አጥንቱ ለጊዜው ይሳሳል። የሩጫውን ርቀት በአንዴ እጥፍ ያደረገ ሰው ቅልጥሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የሚያገኘው ያኔ ነው። ኤክስሬይ መጀመሪያ አካባቢ ላያሳየው ይችላል።

ስለዚህ ሕመሙ በአንድ ጣት የምትጠቁሙት ነጥብ ላይ ከሆነና በሮጣችሁ ቁጥር ከባሰ፣ «ሲሞቅ ይለቀኛል» አትበሉ። ቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። በጊዜ የተደረሰበት ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እረፍት ይበቃዋል። እየሮጡበት የቆዩት ግን ለይቶለት ሊሰበር ይችላል።