ጋኑ ውስጥ ማን አለ?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። መብራት ስለጠፋ በስልኬ ነው የምቀዳው። ከኋላ የምትሰሙት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ ቻሉት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ልብ ወለድ ጋር ስታገል ቆይቻለሁ። ትንሽ ከተማ፣ ሌሊት፣ መቃብር፣ አንተኛም ያሉ ሙታን። ስጀምረው ቀላል መስሎኝ ነበር። ያደግኩት ከጎንደር ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታው ላይ፣ መቃብሩ ጥዶቹ ሥር። ሲመሽ ጅብ፣ ሲነጋ የእድር ጡሩምባ። እዚያ ያደገ ሰው ለማስፈራራት ከማን ይበደራል?

በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለሚርባቸው ሙታን ነበር። የእኛ ሙታን እኮ መጥተው አንገት አያንቁም። ይርባቸዋል። ጠዋት ጎረቤት በር ላይ ትቆምና "አባትሽ በሕልሜ መጥቶ ራበኝ አለኝ" ትላለች። ከቀትር በፊት ዳቦ ተጋግሮ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይደርሳል፤ የኔ ቢጤዎች ይበሉታል፤ ሟች ይጠግባል። ለዚህ ነው የሚቆጠረው፦ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80፣ ከዚያ መንፈቅ፣ ከዚያ ሙት ዓመት። 40ው ከባዱ ነው። በሬ ሸጦ ተዝካር የሚያወጣ ሰው አለ። በቁሙ ተዝካሩን አውጥቶ፣ ደግሶ፣ አብልቶ፣ እሱም አብሮ በልቶ የሚያድርም አለ። ልጆቹን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው መቼም።

ይሄ ግን ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም። የሚያስፈራው የእምዬ ታሪክ ነው። አያቴን እምዬ ነው የምንላት።

"ቡዳ የበላው ሰው አይሞትም" ትለን ነበር። "የሞተ መስሎን እንቀብረዋለን። ሌሊት መጥተው ይጠሩታል። ይነሣል። አፉ አይናገርም። 7 ዓመት ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ይፈጫል። እንግዳ የመጣ እንደሆነ በበትር መታ ያደርጉታል፤ ጋን ይሆናል። እንግዳው ሲሄድ ደግሞ መታ፤ ሰው ይሆናል። 7 ዓመቱ ሲሞላ አመድ ነው።"

እስቲ አስቡት። እናቱ በአጋጣሚ ለሆነ ጉዳይ እዚያ ቤት ትመጣለች። ትቀመጣለች። ልጇ እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ላይ ቆሟል። እሱ ያያታል። እሷ የምታየው ጋን ነው። የመጽሐፌ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይሄ ነበር፤ በአንድ ሌሊት ነው የጻፍኩት።

የእምዬ ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ሮናልድ ሬሚኒክ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት መንዝ ውስጥ ያንኑ ሰምቶ በ1974 እ.ኤ.አ. አሳትሞት አገኘሁት። 7 ዓመቱም፣ በትሩም፣ ሸክላውም አለ። መንዝ የት፣ የእኛ ሰፈር የት! ቡዳዎች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለው ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ጠይቦች የሚያደርጉት ዓይነት ጉትቻ ጅብ ጆሮ ላይ ታይቷል ብሎ ጽፏል። የምሩን ነው የጻፈው።

የእኔ ጣጣ የመጣው "ይጠሩታል" ከሚለው ቃል ነው። ማን ነው የሚጠራው?

ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከተማው ጫፍ ላይ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ሁለት ሦስት ቤቶች ነበሩ። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ቤተ እስራኤል ናቸው፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች። ያኔ በዚህ ስም አልነበረም የምንጠራቸው። የምንጠራቸውን እዚህ አልደግመውም።

7 ዓመት ሲሆነኝ እምዬ ምጣድ ልትገዛ ስትሄድ ተከትያት ሄድኩ። ከመግባታችን በፊት ክታቤ አንገቴ ላይ መኖሩን በእጇ ዳሰሰች። ሴትዮዋ ደጅ ላይ ጭቃ ይዛለች። የሚሽከረከር ነገር የላትም። ዕቃው ቆሞ እሷ ናት የምትዞረው፤ ጎንበስ ብላ፣ ወደ ኋላ እየሄደች፣ በአውራ ጣቷ ከንፈሩን እያቀጠነች። ጥፍሯ ሥር ያለው ጭቃ ደርቆ ግራጫ ሆኗል።

እኔ እሷን ትቼ በበሩ ወደ ውስጥ አየሁ። ጥግ ላይ ጋን ቆሟል። ጥቁር። ከእኔ ይበልጣል። አንገት አለው፣ ትከሻ አለው፣ ሆድ አለው። በዚያው ክረምት አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ ሞቶ ነበር። ቁመቱ ያን ያህል ነው። እግሬ አልንቀሳቀስ አለ።

ዓይኔ የት እንዳለ አየች። ስንት ልጅ እንደዚያ አይቶባት እንደነበር አላውቅም። አልተቆጣችም። ተነሥታ ገባችና ክዳኑን አነሣች። በቅል ጨልፋ መልሳ አፈሰሰችው። ጌሾው ደጅ ድረስ ሸተተኝ።

"ጠላ ነው፣ የኔ ልጅ" አለች። ከዚያ በጣቷ አንጓ ጋኑን ኳ ኳ አደረገችው። "ስማው። እንዲህ ሲጮህ ደህና ነው። የተሰነጠቀ እንደሆን ድምፁ ይሞታል።"

ምጣዱንም እንድመታው ሰጠችኝ። መታሁት። ጮኸ። እምዬ ተከራክራ ገዛች። ቤት ስንደርስ ጸበል ረጨችበት፣ በጎመን ዘር አሟሸችው፣ ለዓመታት ጋገረችበት። እኛም በላን። ያቺ ሴት የሠራችው ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ እየበላን ነው ስለ እሷ ያንን ተረት የምንሰማው።

በ1982 ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በግንቦት 1983 ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰደ። እነሱም እዚያ ውስጥ ይኖራሉ ብዬ አስባለሁ።

ቤቱ ባዶ ቀረ። ይኼኔ ነው ከተማችን ደንበኛውን የሙታን ታሪክ ያወጣችው። ሰዎቹ ሄደዋል፣ ያስነሧቸው ሙታን ግን ቀርተዋል ተባለ። ጌታ የላቸው፣ መታ አድርጎ የሚመልሳቸው በትር የለ። ሌሊት ወፍጮ ይሰማል። ጭስ ሳይኖር አመድ ይሸታል። ወንዝ የሚወርድ ሰው ዳገቱን ዞሮ መሄድ ጀመረ። እኔም ዞሬያለሁ፣ አልዋሽም። የሚገርመኝ ሒሳቡ ነው። በራሳችን ተረት 7 ዓመት ሲሞላ ሁሉም አመድ መሆን ነበረበት። በ1990 ሰው አሁንም ይዞር ነበር።

እና ጽሑፌ 40ኛው ገጽ ላይ ቆመ። ሙታኑን የሚያስነሣ ሰው ያስፈልገኛል። ከሌላ አገር ጠንቋይ ላምጣ አልኩ፤ ታሪኩ አልቀበል አለ፣ ወዲያው ተፋው። ይሄ ተረት መሬት ያልተሰጠው ባለእጅ ይፈልጋል። የእጁን ሥራ የምንገዛው፣ እጁን የማንነካው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው የምትሰድቡ ተዉ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። እኔ የተወለድኩት ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው? ክታቤ ግን አንገቴ ላይ ነበር።

አሁን ከውስጥ ጀምሬ ልጽፈው እየሞከርኩ ነው። ከቤቱ ውስጥ። አንዲት ሴት ጭቃ ይዛለች። በሩ ላይ የቆመ ልጅ ጋኗን እንደ ሬሳ ያየዋል። ሙት የሚያየው እሱ ነው፤ እሷ የምታየው እሱን ነው። ሦስት ገጽ ሆኗል። ቀርፋፋ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ረስቼ። ሲሄዱ ዕቃቸውን ሸጠው ነበርና እምዬ ጋኑን ገዛችው። ያንኑን። እንዴት ደፈረች አትበሉኝ፤ ርካሽ ነበር። ዛሬ እናቴ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ከእሱ እንቀዳለን። ለፋሲካ የሄድኩ ጊዜ ሁሉም ተኝቶ እያለ ገባሁና በጣቴ አንጓ ኳ ኳ አደረግኩት።

ይጮሃል። አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም።