ብቻውን የሚጓዘው ክሮሞሶም

የተከበራችሁ የባዮሎጂ መምህራን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሲወርረን ሁላችንም እናስታውሳለን። ገበሬው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ የደረሰ ሰብሉን ለማትረፍ ሲሮጥ አይተናል። ዛሬ ያንኑ አንበጣ ያነሳሁት ግን በወንዱ ሴል ውስጥ ስላለ አንድ ክሮሞሶም ልነግራችሁ ነው።

ሴቷ አንበጣ 24 ክሮሞሶም አላት፤ ወንዱ 23። ዋይ የሚባለው የወንድ ፆታ ክሮሞሶም የለውም። 11 ጥንድ፣ ከዚያ ጓደኛ የሌለው አንድ ኤክስ። ተማሪ ሳለሁ 23 ሲመጣብኝ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ቆጠርኩ። መጽሐፋችን ላይ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነበራ የተሳለው!

የወንዱ ዘር ሲሠራ፣ በሚዮሲስ (ክሮሞሶሙን በግማሽ በሚቀንሰው የሴል ክፍፍል) መጀመሪያ፣ ሌሎቹ ገና ቀጫጭን ክር ሆነው ሲጣመሩ ኤክሱ ቀድሞ ተጠቅልሎ ከኒውክለሱ ጠርዝ ይቀመጣል። ቀለም ሲነካው እንደ ኑግ ፍሬ ጠቆር ብሎ ጎልቶ ይታያል። ጥንዶቹ ተላቀው ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ሲሳቡ፣ ኤክሱ የሚላቀቀው ስለሌለ እንዳለ ወደ አንዱ ወገን ይሄዳል። በሁለተኛው ክፍፍል እንደ ሌሎቹ ለሁለት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከአራቱ የወንዴ ዘሮች ሁለቱ 12፣ ሁለቱ 11 ይዘው ይወጣሉ። እንቁላሉ ሁልጊዜ 12 አለው። 12 ያለው ዘር ካገኘው ሴት፣ 11 ያለው ካገኘው ወንድ ይሆናል።

በሰውም፣ መንገዱ በዋይ ቢለይም፣ ወሳኙ የአባት ዘር ነው። እባካችሁ ይህን ክፍል ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ «ሴት ብቻ ወለደች» ተብላ የምትወቀስ እናት ዛሬም አለች።

በነፍሳት ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ድንጉላ ንብ ካልዳበረ እንቁላል ወጥቶ 16 ክሮሞሶም ብቻ ይዞ ይኖራል።

ይህን ብቸኛ ክሮሞሶም ጀርመናዊው ሄርማን ሄንኪንግ እ.ኤ.አ. በ1891 በአንዲት ትኋን መሰል ቀይ ነፍሳት ውስጥ አይቶ ኤክስ አለው። አሜሪካዊው ክላረንስ ማክላንግ ከፆታ ጋር ቢያያዘውም ወንድ የሚያደርግ መሰለው፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። እኔ ልቤን የምትነካው ግን ኔቲ ስቲቨንስ ናት። እንደ እኛ መምህርት ነበረች፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የገባችው በ35 ዓመቷ ነው። በ1905 ዱቄት የሚበላ ጢንዚዛ ሴል ቆጥራ ሴቷ 20 ትልልቅ፣ ወንዱ 19 ትልልቅና አንድ ትንሽ እንዳላቸው አሳየች፤ ፆታን ከዚያች ትንሽ ክሮሞሶም፣ ዛሬ ዋይ ከምንላት፣ ጋር አያያዘች። በ1912፣ ገና በ50 ዓመቷ፣ በጡት ካንሰር አረፈች።

እኛም ትምህርት ቤት መቁጠር እንችላለን። በመስከረም ሜዳ ላይ የሚዘለው ወንድ ፌንጣ ይበቃናል፤ መድኃኒት ካልተረጨበት ቦታ ያዙት። የዘር ፍሬውን አውጥታችሁ ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ አቆዩት። ከዚያ ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ አሴቶካርሚን የሚባል ቀይ ማቅለሚያ ጨምሩበት፣ በስስ መስታወት ሸፍኑት፣ በወረቀት ላይ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። ጣታችሁ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሴሎቹ ይበላሻሉ።

ከኋላ ባሉት ማይክሮስኮፖች የበረሃ አንበጣ ስላይድ አዘጋጅቻለሁ። በመጀመሪያው ክፍፍል ላይ ያለ ሴል ፈልጉ፤ 12 ነገር ትቆጥራላችሁ፣ 11ዱ ጥንዶች ናቸው። አሥራ ሁለተኛውን ያገኘ እጁን ያውጣ፤ እመጣለሁ።