ያልታየ ሜሶን በምን ይታወቃል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለፈው ዝግጅት ከባድ ሜሶኖች (በቅንጣቶች ግጭት የሚፈጠሩ፣ ከአቶም እጅግ ያነሱ ቅንጣቶች) መመርመሪያው ሳይደርሱ ይፈራርሳሉ ብለዋል። ታዲያ መኖራቸው በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በፍርስራሻቸው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ በብሩክሄቨንና በስታንፎርድ የምርምር ማዕከላት ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ያገኙትን ጄ-ፕሳይን እንውሰድ። ይህ ሜሶን አንዳንዴ ፈርሶ ተቃራኒ ሙል ያላቸው ሁለት ሙዎኖች (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመዶች) ይሆናል። የሙዎኖቹ መንገድ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ስለሚጎብጥ ከጉብጠቱ ሞመንተማቸውን (የእንቅስቃሴ መጠናቸውን)፣ ከሞመንተሙም ኢነርጂያቸውን እናሰላለን። ከዚያም ከጠቅላላው ኢነርጂ ካሬ ላይ፣ አቅጣጫው ተጠብቆ የተደመረውን ሞመንተም ካሬ ስንቀንስ የቀረው ቁጥር ካሬ ሥር የወላጁን መጠነ ቁስ ይሰጠናል፤ እርሱም ወደ 3097 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ነው (መጠነ ቁስንና ሞመንተምንም በኢነርጂ መለኪያ እንገልጻለን)። ወላጁ ቆሞም ይፍረስ እየበረረ፣ ውጤቱ አንድ ነው።

ጥያቄ፦ የማይዛመዱ ሁለት ሙዎኖች በአጋጣሚ ያንኑ ቁጥር ቢሰጡስ?

መልስ፦ ይሰጣሉ እንጂ! ስለዚህም ስለ አንድ ጥንድ ብቻ «ይህ በእርግጥ ጄ-ፕሳይ ነው» ብሎ መማል አይቻልም። ብዙ ሺህ ጥንዶች በአንድ ግራፍ ላይ ሲሰፍሩ ግን የአጋጣሚዎቹ ያለ ጉብታ ይበተናሉ፣ የእውነተኞቹ ደግሞ 3097 አጠገብ ይከመራሉ። የክምሩ ስፋት በአብዛኛው የሜሶኑ ሳይሆን የመሣሪያችን የልኬት ስሕተት ነው።

ቢ-ሜሶን ለተባለው ሌላ ከባድ ሜሶን ሌላም ምስክር አለ፤ እኔ በግሌ ከሁሉ የማምነው እርሱን ነው። ዕድሜው በአማካይ 1.5 ትሪሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን እንኳ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ሆኖም ሞመንተሙ 100 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት የሆነ ቢ-ሜሶን፣ ጊዜው በአንጻራዊነት ሕግ ስለሚለጠጥለት፣ በአማካይ 9 ሚሊሜትር ያህል ተጉዞ ይፈርሳል። የልጆቹን መንገድ ወደ ኋላ ስንከተል የሚገናኙት ሜሶኑን ለመፍጠር ያጋጨናቸው ፕሮቶኖች ከተጋጩበት ነጥብ ላይ ሳይሆን ከዚያ ራቅ ብለው ነው፤ የአጋጣሚ ጥንዶች አብዛኛዎቹም እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ራሳቸው ቢምታቱስ?

መልስ፦ ይህ የዘወትር ችግራችን ነው። ዲ-ዜሮ የተባለው ሜሶን ወደ ካኦንና ፓዮን (ከእርሱ ቀለል ያሉ ሁለት ሜሶኖች) ሲፈርስ ሁለቱ የሚተዉት ዱካ ይመሳሰላል፤ ማንነታቸውን ብናቀያይር የተሳሳተ መጠነ ቁስ እናገኛለን፣ ክምሩም ይበተናል። መለያው የቼረንኮቭ ብርሃን ነው (ሙል ያለው ቅንጣት በአንድ ቁስ ውስጥ፣ በዚያ ቁስ ውስጥ ካለው የብርሃን ፍጥነት በልጦ ሲያልፍ የሚፈነጥቀው)፤ ሞመንተማቸው እኩል ከሆነ ቀለል ያለው ፓዮን ስለሚፈጥን የብርሃን ቀለበቱ ይሰፋል። ሞመንተሙ እጅግ ሲያይል ግን ቀለበቶቹ ስለሚቀራረቡ ለእያንዳንዱ ዱካ ካኦን ወይም ፓዮን የመሆን ዕድሉን እናሰላለን እንጂ ቁርጡን አንናገርም።